ስድስቱን መለኪያ ትተሽ ሰሊጡን ያዢ

ከደብረ ማርቆስ የጻፍሽልን የኢኮኖሚክስ ተማሪ፣ «የመንግሥት አስተዳደር ጥራት በካፒታል ሽሽት ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚለው ርዕስ (የካፒታል ሽሽት ማለት ገንዘብ ከአገር ሾልኮ ውጭ መቅረቱ ነው) ለመመረቂያ ጽሑፍ ያዋጣ እንደሆነ፣ ሥራም ያስገኝ እንደሆነ ጠይቀሻል።

ርዕሱ ያዋጣል፤ ግን ሰፍቶብሻል። የዓለም ባንክን ስድስት የአስተዳደር መለኪያዎች አንድ ሞዴል ውስጥ ብትከቻቸው፣ አብረው ስለሚወጡና ስለሚወርዱ የትኛው እንደሠራ አይለይሽም። ሙስናን መቆጣጠር የሚለውን ብቻ ውሰጂ። የብርን የይፋና የጥቁር ገበያ ልዩነትም አስገቢ። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቁር ገበያ ከዚያ እጅግ ይበልጥ ነበር። አስመጪ ዋጋ አጋንኖ ትርፉን ውጭ ለማስቀረት ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ካላስገባሽው ጥፋቱ በሙሉ በሙስና ይመካኛል።

እኔ ብሆን አንድ ሸቀጥ መርጬ፣ ላኪው አገር የመዘገበውን ተቀባዩ አገር ከመዘገበው ጋር አነጻጽራለሁ። የጎጃም ልጅ ነኝ ብለሽ ጤፍን አትያዢ፤ እህሉ ወደ ውጭ እንዳይላክ ለዓመታት ስለተከለከለ የሚነጻጸር ቁጥር የለውም። ሰሊጥ (የጉምሩክ መለያው 120740) ይሻላል። ለምሳሌ ኢትዮጵያ ወደ ቻይና 100 ሚሊዮን ዶላር ላክሁ ብላ፣ ቻይና 121 ሚሊዮን ገባልኝ ብትል፣ ለመርከብና ለኢንሹራንስ 10 በመቶ ጨምረሽ 110 ታደርጊያለሽ፤ 11 ሚሊዮኑ ይጠየቃል። ወደ ገንዘቡ ከመሄድሽ በፊት ግን ኪሎውን አስተያዪ። ኪሎው ገጥሞ ዋጋው ከተለያየ ደረሰኙ ዝቅ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። ኪሎውም ከተለያየ ኮንትሮባንድ፣ በሌላ አገር በኩል የዞረ ጭነት ወይም በታኅሣሥ ተጭኖ በጥር የደረሰ ሊሆን ይችላል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ልዩነቱን ሁሉ «ሽሽት» ብሎ ይጽፍና ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ሲከላከል ይያዛል።

ዓመቱንም አትርሺ፦ የብሔራዊ ባንክ ሠንጠረዥ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው፣ የቻይናው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር። ወርሃዊ ቁጥር ፈልገሽ ራስሽ ደምሪው።

ሥራውን በተመለከተ፣ የባንኮች የኮምፕላያንስ (ሕግና ደንብ መከበሩን የሚከታተሉ) እና የዓለም አቀፍ ንግድ ክፍሎች፣ የጉምሩክ የዋጋ ትመናም፣ የደረሰኝ ዋጋ ማጣራት የዕለት ሥራቸው ነው። ለቃለ መጠይቅ ስትሄጂ ጥራዙን ተይውና ያቺን የሰሊጥ ሠንጠረዥ በአንድ ገጽ አትመሽ ያዢ፤ ኪሎውን ለምን እንዳስቀደምሽ መጠየቅሽ አይቀርም።