ያልመታሁት ልጅ

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ሻይ እየጠጣን አንድ የሕግ ተማሪ «ጋሼ፣ ንጹሕ ሰው ካልተደበደበ በቀር ያላደረገውን አደረግሁ ይላል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አልፎ አልፎ» ብዬ ወሬ ቀየርኩ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ጠበቃ ከመሆኔ በፊት መርማሪ ፖሊስ ነበርኩ። በ1989 ዓ.ም. ፒያሳ ከአንድ ወርቅ ቤት አምባር ጠፋ ተባለና ሱቁን የሚጠርገው ልጅ ተያዘ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ከገጠር ከመጣ ዓመት አልሞላውም። አልመታሁትም፤ ለዓመታት የተጽናናሁትም በዚሁ ነው። ሻይ በዳቦ አዘዝኩለት፤ «ልጄ» እያልኩ አናገርኩት። ስጠይቀው መሬት መሬት ያያል። እኔም «ንጹሕ ቢሆን ቀና ብሎ ያየኝ ነበር» አልኩ በልቤ። እናቴ እኔኑ በትልቅ ሰው ፊት ዓይኔን እንድሰብር ገሥጻ እንዳሳደገችኝ ያን ቀን ረሳሁት።

በማግስቱ ማታ «እመንና ቤትህ ግባ፤ ወሬው እናትህ ጋ ሳይደርስ እንጨርሰው» አልኩት። ዝም አለ። «ምናልባት ሳይታወቅህ አንሥተኸው ይሆናል።» «ምናልባት» አለ። «በላስቲክ ነው በጨርቅ የጠቀለልከው?» «በጨርቅ።» «ነጭ ነው ቀይ?» «ነጭ።» እኔ አማራጭ እሰጣለሁ፣ እሱ ይመርጣል። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን «በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ደበቅሁት» የሚል ነው። ያልሰረቀ ሰው ጨርቁን ከየት ያመጣዋል? እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው እየለቀመ ፈረመ። ቤቱ ግን አልገባም፤ በጊዜ ቀጠሮ ታስሮ ቆየ።

በ19ኛው ቀን አምባሩ አንጥረኛው ዘንድ ተገኘ። ለማጥበብ ተልኮ ኖሮ ባለሱቁ ረስቶታል። ልጁን አስጠርቼ «ዕቃው ተገኝቷል» ስለው ግራ ተጋባ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ «ጨርቁስ?» አለኝ።

ያኔ አልገባኝም። ጥብቅና ከጀመርኩ በኋላ አንድ ጥናት አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሶል ካሲን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረባው ጋር ተማሪዎችን ኮምፒውተር ላይ እያስጻፈ አንዲት ቁልፍ እንዳይነኩ አስጠነቀቃቸው። ኮምፒውተሩ ሆን ተብሎ እንዲቆም ተደረገና «ነክታችኋል» ተባሉ። ማንም አልነካም። ከመቶ 69ኙ «ነክቻለሁ» የሚል ማመኛ ፈረሙ፤ 28ቱ በእርግጥ የነኩ መስሏቸው ከልባቸው አመኑት፤ 9ኙ ጭራሽ እንዴት እንደነኩት አብራሩ። ያን የወርቅ ቤት ልጅ እዚያ ውስጥ አየሁት። የደከመ፣ ብቻውን የሆነ ሰው ከራሱ ትውስታ ይልቅ እርግጠኛ ሆኖ የሚያናግረውን ሰው ሊያምን ይችላል።

ዱላ ብቻ ነው ክልክል የሚመስላችሁ ተሳስታችኋል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 31 ማስፈራራትን ብቻ ሳይሆን ማባበልንና ተስፋ መስጠትንም ይከለክላል። የእኔ «ቤትህ ግባ» ምን ነበር? የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት እንዳለው የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19ም ያን ጊዜ ወጥቷል።

የዛሬ ልጆች በስልካችሁ የውጭ መርማሪዎችን ፊልም እያያችሁ «ፊቱ ያስታውቃል» ማለት ታበዛላችሁ። ፊት ምንም አያስታውቅም። ይህን እያልኩ እኔም እስከ ዛሬ ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ፊቱን ነው፤ አመል ሆኖብኛል።

መርማሪ የምትሆኑ፣ መልሱን ብቻ ሳይሆን ጥያቄያችሁንም ጻፉ። ጠበቃ የምትሆኑ፣ «አምኗል» የሚል መዝገብ ሲመጣላችሁ «ጨርቁን መጀመሪያ የጠራው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

በኋላ ወርቅ ቤቱ ሄጄ ስለ ልጁ አጠያይቄ ነበር፤ «አገሩ ገብቷል» አሉኝ። የተለቀቀ ዕለት ይቅርታ አልጠየቅሁትም። ውለታ እንደዋለ ሰው «ሂድ፣ ነፃ ነህ» አልኩት። ጎንበስ ብሎ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለኝና ወጣ።