«ስስስ» አልሰማ ካለ መጀመሪያ ብሉቱዙን አጥፋው

ከኮዬ ፈጬ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ሌላውም እንዲገባው ጥያቄህን አሳጥሬ ልድገመው። እህትህ ከመኪና አደጋ በኋላ እጆቿ አይታዘዙላትም፤ ንግግሯ ግን ደህና ነው። ላፕቶፑ ላይ ኢቪያካም ጭነህላታል፤ ጭንቅላቷን ስታንቀሳቅስ ካሜራው እያየ ቀስቱን ይወስድላታል። ለክሊክ ደግሞ ታሎን ጭነሃል። በከንፈሯ ፖፕ ስታደርግ ክሊክ ይሆናል፣ «ስስስ» ስትል ገጹ ወደ ታች ይወርዳል፤ ማለትም መሆን ነበረበት። ፖፑ አንዳንዴ ይሠራል፣ ስስስታው ጭራሽ። ማይኩ የብሉቱዝ ኢርፎን ነው። «ችግሩ ፕሮግራሙ ነው ወይስ እሷ ናት?» ብለሃል።

ሁለቱም አይደሉም። ድምፁ ታሎን ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ እየቀረ ነው።

የብሉቱዝ ኢርፎን ማይኩ ሲከፈት ወደ ስልክ ጥሪ ሞድ ይገባል። በብዙዎቹ፣ በተለይ ቆየት ባሉት፣ በዚህ ሞድ የሚያልፈው እስከ 4 ኪሎኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ያለው ድምፅ ብቻ ነው። ለወሬ ይበቃል። የ«ስ» ጉልበት ግን አብዛኛው ከዚያ በላይ ነው፤ ስለዚህ እሷ ትንፋሿ እስኪያልቅ ብትልም ኮምፒውተሩ የሚያገኘው የሆነች ደካማ ሹክሹክታ ነው። ባለ ገመድ ግዛላት። ከተገኘ በዩኤስቢ የሚሰካውን። ተራ የስልክ ኢርፎን ከሆነ ላፕቶፑ አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለው አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፣ ሮዝና አረንጓዴ ለየብቻ ያለው ዴስክቶፕ ላይ ግን ማይኩ እንዲሠራ ስፕሊተር (አንዱን ሶኬት ለማይክና ለድምፅ ማውጫ ለሁለት የሚከፍል ገመድ) ያስፈልግሃል። ዩኤስቢ ያልኩህ በሌላም ምክንያት ነው፤ እኛ ሰፈር ኧርዝ በደንብ ያልታሰረለት ቤት ብዙ ነው፣ ቻርጀር ሲሰካ ማይኩ ውስጥ «እምምም» የሚል ነገር ይገባል። ቻርጀሩን ነቅለህ አዳምጥ። ከጠፋ እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ይሄን ብዙ ሰው አያየውም። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ሳውንድ ግባና ማይኩን ስትጫነው ኦዲዮ ኢንሃንስመንት የሚል ታገኛለህ። ኦፍ አድርገው። የላፕቶፑ ካምፓኒ የራሱን ድምፅ ማጽጃ ጭኖ ከሆነ እሱንም አጥፋ። እነዚህ ነገሮች የተሠሩት የሰው ንግግር ሲቀር ሌላውን ሁሉ እንዲያጠፉ ነው። የእህትህ ስስስ ለነሱ ያው የፋን ድምፅ ነው፣ ፖፗም በር ጓ ሲል እንደሚሰማው ነው። አጽድተው ይጥሉላታል፣ አንተ ደግሞ ታሎንን ትራገማለህ።

የማይክ ቡስት (የማይኩን ድምፅ ማጉያ) ካለ ወደ ዜሮ አውርደው። ቡስት ሲበዛ ፖፑ ይፈነዳና ቅርጹ ይበላሻል፣ «አንዳንዴ ይሠራል» ያልከው ከዚህም ሊመጣ ይችላል።

የማይኩ ቦታ አፍ ፊት ለፊት አይሁን። የከንፈሯ ጥግ ላይ፣ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ። ፖፑን ስታወጣም ትንፋሽ አትግፋ። «ፖሊስ» ስንል ፖ ላይ አየር ይወጣል፣ ማይኩን ፉ ይለዋል። «ጴጥሮስ» ልትል ጀምራ ጴ ላይ ከንፈሯ ሲላቀቅ ያለችውን አጭር ድምፅ ብቻ ታውጣ፤ ለሚፈለገው የምትቀርበው ያቺ ድምፅ ናት፣ አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ይቺን ከልጅነቱ ለምዷታል።

ቤት ውስጥ ያለውን ጫጫታ በተመለከተ፣ ሽንኩርት ሲቁላላ የሚወጣው ድምፅ ከስስስ ጋር ይመሳሰላል፣ ስለዚህ ስክሪፕቱ (ታሎን የሚታዘዝበት አጭር ኮድ) ላይ ስስስታው የሰከንድ ሲሶ ያህል ሳይቆይ ገጹ እንዳይንቀሳቀስ አድርግ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን እንግዳ ነው። ሊጠይቃት የመጣ ሰው ሁሉ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ኮምፒውተሩም ክሊክ ያደርጋል! (እሷም ደስ የሚላት አይመስለኝም፣ ግን እሱን ለናንተ ልተወው።) መላው ይሄ ነው፦ ቀስቱ ከላይ ግራ ጥግ ላይ ሆኖ ፖፕ ስትል ክሊኩ እንዲጠፋ፣ እዚያው ስትደግም እንዲመለስ ስክሪፕቱ ላይ ጥቂት መስመር የፓይተን ኮድ ጨምርበት። ማንንም ሳትለምን ራሷ ትዘጋዋለች፣ ራሷ ትከፍተዋለች።

«ታዲያ ለምን በንግግር አታዘውም?» ያልከው ጥሩ ጥያቄ ነው። የዊንዶውስ በንግግር ማዘዣ፣ ቮይስ አክሰስ፣ አማርኛ አያውቅም። ጎግል አማርኛ ሲነገረው መጻፍ የጀመረው በ2017 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ኢንተርኔት ካለ ደብዳቤዋን በእሱ ትጻፍ፣ ለጽሑፍ ይሻላል። ለክሊክና ለገጽ ግን ቃል ይዘገያል፤ ኮምፒውተሩ ቃሉ አልቆ እስኪገባው ይጠብቃል። እንደ ፖፕና ስስስ ያለ የአፍ ድምፅ ግን እንደወጣ ይሠራል፣ ሲቆም ይቆማል። ኢጋራሺና ሂዩዝ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2001 (እ.ኤ.አ.) ያሳዩት ይሄንኑ ነው፤ «አአአ» እያልክ እስከቀጠልክ ድረስ ቮሊዩሙ ይጨምራል፣ ዝም ስትል ባለበት ይቆማል። በዚያ ላይ ታሎን ፖፑንና ስስስታውን የሚለየው እዚያው ላፕቶፑ ላይ ነው፣ ዳታ አይበላም፣ ኔትወርክ ሲጠፋም ሥራዋ አይቋረጥም።

ረጅም ጽሑፍ ስታነብ ስስስ ማለት ያደክማል፣ አፍም ያደርቃል። አንዴ አጠር አድርጋ ስትል አንድ ስክሪን ሙሉ እንዲወርድ አድርግላት። ውሃ በስትሮው አጠገቧ ይሁን። አይፎን ያለው ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ከአይኦኤስ 15 ወዲህ ስዊች ኮንትሮል (ስልኩን በእጅ ሳይነኩ ማዘዣ ሴቲንግ) ውስጥ የአፍ ድምፆችን እንደ ማዘዣ መመደብ ይቻላል፣ ስልኩን እንድትሞክረው አድርግ፣ ምንም አይጫንም።

ይሄን ሁሉ አድርገህ ስስስታው አሁንም ካልሠራ፣ በዚያው ማይክ አሥር ሰከንድ ቅዳና በቴሌግራም ላክልኝ። ሪከርዱን ግን እንደ ፋይል ላከው፣ ቮይስ ሜሴጅ አድርገህ ከላክኸው ተጨምቆ ስለሚመጣ ምንም አላይበትም።