«ሰባት ወር ኢማክስ ላይ ያጠፋሁት ለሥራ ይጠቅመኛል?»

የኮምፒውተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የሆነች እህታችን የላከችልኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ነው። ኢማክስ የሚባለውን የጽሑፍ ኤዲተር ከጀመረች ሰባት ወር ሆኗታል። ኮዷንም ማስታወሻዋንም የምትጽፈው በእሱ ነው። ቅንብሩን ራሷ ሊስፕ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፋዋለች። የራሷ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ላብ ደግሞ ሊኑክስ። አንዱ ጋ የሚሠራው ሌላው ጋ እምቢ ይላል። ዊንዶውሱ ላይ እንኳ አንዳንዴ ቅንብሯን ይዞ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ባዶውን። ጓደኞቿ «ሌላውን ኤዲተር፣ ቪኤስ ኮድን፣ ጭነሽ አትገላገይም?» ይሏታል። «ጊዜዬን አባክኜ ይሆን? ሲቪ ላይስ ይጻፋል?» ትላለች።

እህቴ፣ ነገሩን አላንዛዛብሽም። ኢማክስ ስለቻልሽ ብቻ የሚቀጥርሽ የለም። አንድን ነገር ሦስት ሲስተም (ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና ማክ) ላይ እኩል እንዲሠራ ማድረግ ከቻልሽ ግን የሚፈልግሽ ሞልቷል። አንቺ አሁን መንገድ አጋማሽ ላይ ነሽ። ስለዚህ ተይው አልልሽም፣ ጨርሺው ነው የምልሽ።

መጀመሪያ የዊንዶውሱን እንቆቅልሽ እንፍታው። ኢማክስ ቅንብርሽን የሚፈልገው «ሆም» ከሚባለው ፎልደር ነው። ሊኑክስ ላይ ሆም የት እንዳለ ይታወቃል። ዊንዶውስ ላይ ግን ሆም የሚባል ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሞች ሲነሱ የሚያዩት፣ በስም የተቀመጠ መረጃ) አብዛኛውን ጊዜ የለም። ስለዚህ ከስታርት ሜኑ ስትከፍቺው ኢማክስ ሆሜ ብሎ የሚይዘው አፕዳታ ሥር ያለውን ሮሚንግ የተባለ ፎልደር ነው። ጊት ባሽ የሚባለው የትዕዛዝ መስኮት ደግሞ ሲነሳ ሆምን በተጠቃሚ ስምሽ ወዳለው ፎልደር ያዞረዋል። ከጊት ባሽ ውስጥ ኢማክስን ስትጠሪው ያንን ይወርሳል። ያው ፕሮግራም፣ ያው ማሽን፣ ሁለት ቤት። በአንዱ ቤት ቅንብርሽ አለ፣ ሌላው ባዶ ነው። እንደምገምተው አንቺም አንዳንዴ ከዚህ፣ አንዳንዴ ከዚያ ነው የምትከፍቺው።

ማረጋገጥ ከፈለግሽ በሁለቱም መንገድ ክፈቺው። ከዚያ ፋይል መክፈቻው ላይ «~/» ብለሽ አስገቢ። የሚመጣው ፎልደር የተለያየ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። ሆምን በዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ አንድ ጊዜ በቋሚነት አስቀምጪው፣ ትገላገያለሽ።

እዚህ ላይ ግን ቆም በይ። «ኢማክስ ዊንዶውስ ላይ አይረባም» ብለሽ ብታልፊው ኖሮ ምንም አላተረፍሽም ነበር። ከሥሩ ስትሄጂበት ግን ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ከአስነሺው ፕሮግራም ወደ ተነሺው እንደሚወረስ ገባሽ። ማክ ላይ ያው ነገር በሌላ መልክ ይመጣል። ኢማክስን ከተርሚናል ስታስነሺው ሆምብሩ በሚባለው መጫኛ ያስገባሽውን ፕሮግራም ያገኘዋል። ከታች ካለው ዶክ ላይ ጠቅ ስታደርጊው ግን «የለም» ይልሻል። ምክንያቱም ከዶክ የሚነሳ ፕሮግራም ሼልሽ (ትዕዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም) ውስጥ ያስተካከልሽውን ፓዝ፣ ማለትም ፕሮግራም የሚፈለግባቸውን ፎልደሮች ዝርዝር፣ አያይም። ነገ ሰርቨር ላይ በእጅ ሲሮጥ የሚሠራ ስክሪፕት (የትዕዛዞች ፋይል)፣ ሌሊት ክሮን በሚባለው በሰዓቱ አስነሺ ሲነሳ ለምን እንደሚወድቅ የምትረዪው በዚሁ እውቀት ነው።

እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ለዓመታት ሰርቨር ሳስተዳድር ነው የኖርኩት። የደረሰብኝን አንድ ነገር ልንገርሽ። ማታ ላይ የባክአፕ ስክሪፕት ከዊንዶውስ ላፕቶፕ ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ላክሁ። አልነሳ አለኝ። «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይላል። ፋይሉ ዓይኔ ሥር ቁጭ ብሏል። ስሙን ሦስት ጊዜ አየሁት። ፈቃዱን አየሁት። ሁለት ሰዓት ሄደ። ለካስ «የለም» የሚለኝ ስክሪፕቱን አልነበረም። የመጀመሪያው መስመር ባሽ በሚባለው ሼል አስኪደው ይላል። ዊንዶውስ ላይ ሲጻፍ ግን መስመሩ መጨረሻ ላይ አንዲት የማትታይ ምልክት ገብታለች። ሰርቨሩ ባሽን ትቶ፣ ስሙ «ባሽ» ሲደመር ያቺ ምልክት የሆነ ፕሮግራም ፍለጋ ሄዶ ነው ያጣው።

ነገሩ ከድሮው ቴሌታይፕ የመጣ ነው። መጻፊያውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ መመለስ አንድ ትዕዛዝ፣ ወረቀቱን አንድ መስመር ከፍ ማድረግ ሌላ ትዕዛዝ ነበር። ዊንዶውስ እስከ ዛሬ ሁለቱንም ይጽፋል። ሊኑክስና ማክ ሁለተኛውን ብቻ። እንዲህ ያለውን ፋይል ሊኑክስ ላይ ስትከፍቺው ኢማክስ ከታች ባለው መስመር ላይ «ዶስ» ብሎ ይነግርሻል። ያን ማታ ወደዚያች ጥግ ዓይኔን ብጥል ኖሮ ቶሎ እተኛ ነበር። ቅንብርሽን የፋይል ለውጥ ታሪክ በሚይዘው በጊት የምትይዢ ከሆነ፣ የሼል ስክሪፕት ሁሉ በሊኑክሱ መስመር አጨራረስ ብቻ እንዲወጣ በጊት አትሪቢዩትስ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ጻፊ። ከዚያ በኋላ ማንም የትም ሆኖ ቢያወርደው ችግር የለም።

ላብ ውስጥ ያለው ሊኑክስ እምቢ የሚልሽ ግን በሌላ ምክንያት ይመስለኛል። የላክሽልኝ ኤረር «ዩዝ ፓኬጅ አልተገኘም» ነው የሚለው። ዩዝ ፓኬጅ፣ ሌሎች ተጨማሪዎችን ለማዘጋጀት የሚረዳው ፓኬጅ፣ ከኢማክስ ጋር አብሮ መምጣት የጀመረው ከኢማክስ ስሪት 29 ጀምሮ ነው። 29.1 የወጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 መጨረሻ ነው። ዴቢያን 12 የሚባለው ሊኑክስ ደግሞ ከእሱ ቀደም ብሎ በሰኔ 2023 ስለወጣ የያዘው ኢማክስ 28.2ን ነው። ላባችሁ በዚያ ዕድሜ ያለ ሲስተም ከሆነ፣ ቤት ያለውን አዲሱን እያሰብሽ የጻፍሽው ቅንብር እዚያ አያገኘውም። መፍትሔው ሁለት ሦስት መስመር ሊስፕ ነው። ቅንብርሽ መጀመሪያ ላይ ፓኬጁ መኖሩን ይጠይቅ፣ ከሌለ ይጫን። የሲስተሞቹ ልዩነትም የሚፈታው እንደዚያው ነው። ኢማክስ የተቀመጠበትን ሲስተም የሚነግርሽ ቫሪያብል አለው። ሊኑክስ፣ ዊንዶውስ ወይስ ማክ መሆኑን ጠይቀሽ፣ ልዩ የሆነውን ብቻ ለብቻው ጻፊ። ሦስት የተለያየ ፋይል አትያዢ። ሦስት ፋይል ከያዝሽ በሁለተኛው ወር አንዱ ብቻ ይታደሳል፣ ሁለቱ ይረሳሉ።

ፎንት መሞከሪያ ከፈለግሽ ደግሞ ኮንትሮልና ኤች ተጭነሽ፣ ከዚያ ኤችን ብቻዋን ድገሚያት። በብዙ ቋንቋ ሰላምታ የተጻፈበት ገጽ ይመጣል። የአማርኛው «ሠላም» እዚያ ውስጥ አለ። ባዶ ሳጥን ከታየሽ ያ ማሽን የግዕዝ ፎንት ይጎድለዋል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁንም ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ መጫኛው ስክሪፕት እንምጣ። ሥራ የሚያስገኝልሽ ይህ ነው። ሊኑክስ ላይ በአፕት፣ ማክ ላይ በሆምብሩ፣ ዊንዶውስ ላይ በዊንጌት ኢማክስን የሚጭን፣ ከዚያ ቅንብርሽን ቦታው የሚያስቀምጥ ስክሪፕት ጻፊ። አንደኛ ነገር፣ ሁለት ጊዜ ቢሮጥ ምንም መበላሸት የለበትም። ሁለተኛ፣ ማሽኑ ላይ የቆየ ቅንብር ካለ ሳይነካ ወደ ጎን ያስቀምጠው። የሰው ሥራ አጥፍቶ የሚጭን ስክሪፕት ከመጻፍ አለመጻፍ ይሻላል። ሊኑክስ ላይ በሲምቦሊክ ሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል በሚጠቁም ስም) የምታገናኚው ነገር ዊንዶውስ ላይ የአድሚን ፈቃድ ወይም የዴቨሎፐር ሞድ መከፈት ሊጠይቅሽ ይችላል። እዚያ ጋ በቀጥታ ኮፒ ማድረጉ ይቀላል። እንደ አንሲብል ያሉ ማሽን አዘጋጅ መሣሪያዎችን ስትማሪ ያገኘሽው ነገር ሁሉ የለመድሽው ይሆናል። እነሱም «ማሽኑ እንዲህ ሆኖ ይገኝ፣ ከሆነ አትንካው» የሚል ሐሳብ ላይ ነው የቆሙት።

«ማክ የለኝም፣ በምን ልሞክረው?» ብለሻል። ጊትሀብ አክሽንስ፣ ኮድ የሚቀመጥበት የጊትሀብ ድረ ገጽ የመፈተሻ አገልግሎት፣ የሊኑክስ፣ የዊንዶውስና የማክ ማሽን ይሰጥሻል። ለሕዝብ ክፍት የሆነ ፕሮጀክት ላይ መደበኛዎቹ ማሽኖች በነፃ ናቸው። ለውጥ ባስገባሽ ቁጥር ስክሪፕትሽ ሦስቱም ላይ በራሱ ይሩጥ። ከተጫነ በኋላ ኢማክስን ያለ መስኮት፣ ባች በሚባለው አካሄድ አስነሺውና ቅንብርሽን ያንብብ። ኤረር ካለ ቀይ ይበራል። አንድ ወጥመድ አለ፣ ተጠንቀቂ። ኢማክስ በባች ሲነሳ ቅንብርሽን በራሱ አያነብም። ይህን ፋይል ጫን ብለሽ በግልጽ ማዘዝ አለብሽ። አለበለዚያ ምንም ሳይፈተሽ አረንጓዴ ይበራልሻል፤ አንቺም አምነሽው ትተኛለሽ።

ክፍት ከማድረግሽ በፊት ግን ፓስወርድ ወይም ቶክን (እንደ ፓስወርድ የሚያገለግል ቁልፍ) እንዳይኖርበት ፋይሉን አንድ በአንድ እዪ። የድሮውን የጊት ታሪክ ጭምር። ዛሬ ብታጠፊውም ታሪኩ ውስጥ ይቀራል። አንዴ ከወጣ ያለው መፍትሔ ፓስወርዱን መቀየር ብቻ ነው።

ሲቪው ላይ «የኢማክስ ተጠቃሚ» ብለሽ አትጻፊ። አንባቢው የኤዲተር ምርጫሽን ምን ያደርግለታል? እንዲህ በይው፦ «በሊኑክስ፣ በማክና በዊንዶውስ ላይ በአንድ ትዕዛዝ የሚጫን የሥራ አካባቢ አዘጋጅቻለሁ፤ እያንዳንዱ ለውጥ በሦስቱም ላይ በራሱ ይፈተሻል።» ከሥሩ ሊንኩን አድርጊ። በኢንተርቪው ላይ የገጠመሽን ከባድ ችግር ሲጠይቁሽ የሁለቱን ቤት ታሪክ ንገሪያቸው። ምን ጠረጠርሽ፣ በምን አረጋገጥሽ፣ እንዴት ፈታሽው፣ በዚህ ቅደም ተከተል። በጠያቂዎቹ ወንበር ስቀመጥ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ እንዲህ ያለ መልስ ስሰማ ማስታወሻዬ ላይ አሰምርበት ነበር። ለዴቭኦፕስ፣ ለሲስተም አስተዳደር፣ ለፕላትፎርም ሥራ የሚያመለክት ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለውም።

ስለ ቪኤስ ኮድ ጓደኞችሽ ክፉ አልመከሩሽም። ጭነሽ አንድ ሳምንት ሥሪበት። የምትገቢበት ቡድን እሱን የሚጠቀም ከሆነ እንግዳ አትሁኚ። የምታጪውም ብዙ አይደለም። ድሮ እያንዳንዱ ኤዲተር ለእያንዳንዱ የፕሮግራም ቋንቋ የራሱን ድጋፍ መጻፍ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2016 ማይክሮሶፍት ላንጉዌጅ ሰርቨር ፕሮቶኮልን (ኤዲተርና የቋንቋ ረዳት ፕሮግራም የሚነጋገሩበትን ደንብ) ክፍት ካደረገው ወዲህ፣ ቪኤስ ኮድ ውስጥ ስህተትሽን የሚያሰምርልሽ ሰርቨር ኢማክስ ውስጥም፣ ኒዮቪም የሚባለው ሌላ ኤዲተር ውስጥም ሊያገለግልሽ ይችላል። ኢማክስ 29 ኤግሎት የሚባለውን፣ ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም አብሮ ይዞ ይመጣል። ኤዲተሩ ተቀየረ ማለት እውቀቱ ተጣለ ማለት አይደለም።

ቪአይን ግን እንዳትንቂው። ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 የጀመረው ኤዲተር ነው፤ እሱ ወይም ልጁ ቪም የምትገቢበት ዩኒክስ መሰል ሰርቨር ሁሉ ላይ ይገኛል ማለት ይቻላል። እዚያ የአንቺ ቅንብር የለም፣ መጫንም አይፈቀድልሽም። ፋይል መክፈት፣ ቃል መፈለግ፣ መስመር ማጥፋት፣ አስቀምጦ መውጣት። አንድ ከሰዓት ይበቃዋል።

ስለ ጊዜሽ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ ደብዳቤሽ ላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። «ሌሊት ቀለሙን ሳስተካክል ያድራል» ብለሻል። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽ ደግሞ አልተጀመረም። ኢማክስ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ሰዎች እየነካኩ ያሳደጉት ነገር ነው፤ መነካካቱ ማለቂያ የለውም። ከዛሬ ጀምሮ ሥራሽን ያቆመሽን ነገር ብቻ አስተካክዪ። ያላቆመሽን ወረቀት ላይ ጻፊውና እሑድ እዪው። አብዛኛው እሑድ ሲደርስ ትዝም አይልሽም።

ስክሪፕቱ ሲያልቅ ኢማክስን ነክታ የማታውቅ ጓደኛሽን ጥሪ። ላፕቶፑ የእሷ ይሁን። ትዕዛዙን ስጫትና እጅሽን ሰብስበሽ አጠገቧ ተቀመጪ። አፍሽን አትክፈቺ፣ ኪቦርዱንም አትንኪ። የቆመችበትን፣ ግራ የገባትን፣ «አሁን ምን ላድርግ?» ያለችበትን ቦታ ሁሉ ጻፊ። ያቺ ወረቀት የሪድሚሽ (የመመሪያ ፋይልሽ) የመጀመሪያ ረቂቅ ናት። እሷን ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ ሲቪሽን ከጎኗ አድርጌ አያታለሁ።