ቤታ ለምትለቁ ልጆች

በቀደም አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ላይብረሪዬን መቼ 1.0 ልበለው?» አለኝ። ላይብረሪ ሌላው ፕሮግራመር እንዲጠቀምበት የሚወጣ ኮድ ነው፤ 1.0 ማለት ደግሞ «ተረጋግቷል፣ ተማመኑበት» እንደማለት ነው። ጥያቄው ቀላል ነው፤ እኔን ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ድሮ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ የፈረንጅ ቀንን ወደኛ አቆጣጠር የሚቀይር ላይብረሪ ኤንፒኤም ላይ (የጃቫስክሪፕት ቋንቋ ላይብረሪ የሚወጣበትና የሚጫንበት መሣሪያ ነው) አውጥቶ ነበር። መስከረም 1፣ ጳጉሜን 13 ነበሩ። በአዲሱ ቤታ (ለሙከራ በሚወጣው ቨርዥን) ግን እንደ ጃቫስክሪፕት ወሩን ከ0 አስጀመረው። 2.0.0-ቤታ.0 ብሎ ለቀቀ። ቤታ ስለሚል ፈልጎ ካልሆነ ማንም አይነካውም ብሎ ነው። ኤንፒኤም ግን ያኔ ታግ (ለቨርዥኑ የሚሰጥ መለያ ስም) ካልሰጡት ቤታውንም «ሌተስት»፣ ማለትም «የቅርቡ» ይለው ነበር። ስሙን ብቻ ጽፎ የጫነ ሁሉ ቤታውን ወሰደ። አንድ አዲስ የምዝገባ ፎርም ላይ ጥቅምት የተወለደው መስከረም ሆነ፤ የመስከረሙ ደግሞ የወሩ ቦታ ባዶውን ቀረ።

ልጁ ደንግጦ ቤታውን አጠፋው። ይባስ! ሎክ ፋይላቸው (የጫኑትን ቨርዥን ቁጥር የሚይዘው ፋይል) ላይ ያ ቁጥር የተመዘገበባቸው ጭራሽ መጫን አቃታቸው። አንዴ የወጣ ቁጥር ደግሞ ቢጠፋም ድጋሚ አይሠራበትም። መፍትሔው እኮ አንድ መስመር ትእዛዝ ነበር፤ «ሌተስት»ን ወደ ድሮው ቨርዥን መመለስ። ይህን የነገረው የለም፤ ስድብ ብቻ ጠገበ። ከዚያ ወዲህ ለሕዝብ ያወጣው ነገር የለም። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እጁ የተባረከ ልጅ ነበር።

እናንተ ታድላችኋል፤ ኤንፒኤም ከቨርዥን 11 ወዲህ ታግ የሌለው ቤታ አልቀበልም ይላል።

ቴስት ጻፉ ምናምን አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ግን የዘንድሮ ልጆች ችኮላችሁ! እሁድ የጻፋችሁትን ሰኞ 1.0.0 ትሉታላችሁ። 0.ምናምን ላይ መቆየት ምን ያሳፍራል? «ነገ ልቀይረው እችላለሁ» ማለት ነው። ከቁጥር ፊት ያለችው ^ «የማይሰብር አዲስ ቨርዥን ከወጣ ውሰድ» ማለት ናት፤ ^0.2.3 ብሎ የጻፈ ሰው ላይ 0.3.0 በራሱ አይመጣበትም፤ ስለዚህ የሰውን ኮድ የሚሰብር ለውጥ ስታመጡ መሐለኛውን ቁጥር ጨምሩ።

ደግሞ ሰው ደመወዝ የሚከፍልበት ሲስተም ውስጥ ገብታችሁ 0 ላይ መደበቅም ደግ አይደለም። ሪአክት የሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይብረሪ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ0.14 ወደ 15 የዘለለው፣ ሰው ለትልልቅ ሥራ ሲጠቀምበት ከርሞ ስለነበር ነው።

የሰው ቤታ ስትጭኑ ደግሞ ያቺን ^ አውጧት። ^2.0.0-ቤታ.1 ካላችሁ ቤታ.2 ሲወጣ ሳታውቁት ሊገባባችሁ ይችላል። ቁጥሩን ብቻ ጻፉ፤ ስትፈልጉ ራሳችሁ ትቀይሩታላችሁ።