የአንባቢያን ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት የሚደርቀው ማርሽ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ ነው። ለ9 ዓመቱ ልጄ ያገለገለ ሳይክል ገዛሁለት። ጎማው 20 ቁጥር ነው፣ ከኋላ 6 ማርሽ አለው፣ ማርሹ የሚቀየረው መያዣውን በመጠምዘዝ ነው። ሻጩ «እንደ አዲስ ነው» ብሎኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት መቀየሪያው ድርቅ ይላል፤ ልጁ በሁለት እጁ ታግሎ ነው የሚያዞረው። ከሰዓት ይሻለዋል። ደግሞ ቀላሉ ማርሽ ከገባ በኋላ ወደ ከባዱ አልመለስም ይላል፤ ቆይቶ ቆይቶ በራሱ ጊዜ ዘሎ ይገባል። ሳይክል ሰሪው «መቀየሪያውም የኋላውም ሁሉም ይቀየር» አለኝ። ልቀይረው ወይስ ተሸውጃለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ብርሽን ለጊዜው ያዢው። መልሱን አንቺው ጽፈሽዋል። «ጠዋት ይደርቃል፣ ከሰዓት ይሻለዋል» ብለሻል አይደል? የተሰበረ ዕቃ ሰዓት አያይም። ጠዋትና ከሰዓትን የሚለያቸው ብርድ ነው፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለምትኖር ሰው ደግሞ ስለ ውርጭ እኔ አልነግራትም። ብርድ ያረጀ ግራሶን እንደ ሰም ያደርገዋል። ሽቦው በሚያልፍበት ላስቲክ ውስጥ ክረምት የገባ ውሃ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ያዝገዋል፣ ውርጭ ሲመጣም እዚያው በረዶ ይሠራል።

ሁለተኛው ፍንጭ «አልመለስም ይላል» ያልሽው ነው። መያዣው ሲጠመዘዝ ሽቦውን ይስባል፣ ካቴናውም ወደ ትልቁ ጥርስ ይወጣል፤ 1 ቁጥር ማለት እሱ ነው፣ ቀላሉ። ወደ 6 ሲመለስ ግን የሚጎትተው የኋላው ሞላ ነው፣ የልጁ እጅ አይደለም። ልጅሽ በሁለት እጁ ታግሎ ያወጣዋል፤ ሞላው ግን የሚታገልበት እጅ የለውም። ስለዚህ ይሄዳል፣ አይመለስም። እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ሽቦውንና ላስቲኩን ነው።

ግምት ብቻ እንዳይሆን ሞክሪው። የኋላ ጎማውን ከመሬት አንሺ፣ ልጁ ፔዳሉን በእጁ ያዙር፣ አንቺ በሳይክሉ አጥንት ላይ ተወጥሮ የሚታየውን እርቃን ሽቦ በጣትሽ ወደ ውጪ ሳቢው። የኋላው ክንድ፣ ማለትም ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው፣ ተንቀሳቅሶ ስትለቂው ፈጥኖ ከተመለሰ ክንዱ ጤነኛ ነው። ቀጥሎ መቀየሪያውን 6 ላይ አድርጊና ሽቦው ከኋላ የታሰረበትን ብሎን ፍቺ፤ ብዙዎቹ 5 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ይበቃቸዋል። የሽቦውን ጫፍ በፒንሳ ለዘብ አድርገሽ ወጥረሽ መያዣውን አዙሪ። አሁንም ደረቅ ነው? እንግዲያው ሽቦውን ጨርሶ ከመቀየሪያው ላይ አውጥተሽ ባዶውን አዙሪው። ባዶውን ቀጭ ቀጭ እያለ የሚዞር ከሆነ ሰሪው ሊያስቀይርሽ የነበረው ጤነኛ ዕቃ ነው፣ ጥፋቱ የሽቦውና የላስቲኩ ነው። ባዶውንም ከደረቀ ብቻ መቀየሪያውን ጠርጥሪ።

ሽቦና ላስቲኩን አብረሽ ቀይሪ፣ ብዙ ገንዘብ አይፈጅም። ግን ሱቅ ስትሄጂ ዓይንሽን ክፈቺ። የማርሽ ሽቦ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ የፍሬኑ ይወፍራል። ላስቲኩም ይለያያል። ጫፉ ተቆርጦ ሲታይ ውስጡ እንደ ሞላ የተጠቀለለ ከሆነ የፍሬን ነው፤ የማርሽ የሆነው በርዝመቱ የተደረደሩ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። የፍሬኑን ካስገቡልሽ ሲሳብ እየተጨመቀ ማርሹ ቦታውን ይስታል፣ አንቺም ተመልሰሽ ለእኔ ትጽፊያለሽ።

መቀየሪያው ራሱ ከሆነ የደረቀው፣ ቤንዚንና ናፍታ ውስጥ አትንከሪው፤ ላስቲክና ፕላስቲክ ነው። ለብ ባለ ውሃ፣ በሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አሽተሽ አድርቂው። ለፕላስቲክ የሚሆን የሲሊኮን ቅባት ካገኘሽ ትንሽ ነካ አድርጊ፤ የመኪና ግራሶ ግን አይሆንም። ከመፍታትሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ ውስጡ ያለችው ትንሽ ሞላ ተስፈንጥራ ከጠፋች አታገኚያትም።

ስትመልሺው ሽቦውን እሰሪ፣ ከዚያ ወደ ኋላው ክንድ በሚገባበት ቦታ ያለችውን በጣት የምትዞር ማስተካከያ ተጠቀሚ። ካቴናው ወደ ትልቁ ጥርስ ለመውጣት ከሰነፈ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ግማሽ ዙር አዙሪያት፤ ወደ ትንሹ ለመውረድ ካስቸገረ በሌላው በኩል። በቃ። «ኤች» እና «ኤል» የተጻፈባቸውን ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አትንኪ! ልጅ ሆኜ በኪራይ ሳይክል «ኤል»ን አላልቼ ካቴናው ከትልቁ ጥርስ አልፎ የጎማው ብረቶች ውስጥ ገባ፣ የኋላው ክንድ ተጠማዘዘ፣ ባለሳይክሉ ያደረገኝን አልነግርሽም።

ይህን ሁሉ አድርገሽ አሁንም ከዘለለ ከሳይክሉ ኋላ ቁሚና ተመልከቺ። ካቴናው የሚያልፍባቸው ሁለት ትንንሽ መዘውሮች ከጥርሶቹ ጋር ቀጥ ብለው ካልተሰለፉ፣ ሳይክሉ በዚያ ጎኑ ወድቆ ክንዱ የታሰረበት ብረት ጎብጧል። ያገለገለ የልጅ ሳይክል ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። ማግኔት አስጠጊበት፤ ከያዘ ብረት ነው፣ ሰሪው ቀስ ብሎ ያቀናዋል። ካልያዘ አልሙኒየም ሊሆን ይችላል፣ ሲያቀኑት ሊሰበር ስለሚችል ለለመደ እጅ ስጪው። ካቴናውንም በማስመሪያ ለኪው፤ ከአንዱ ፒን መሃል ጀምረሽ 24 ክፍተት ስትቆጥሪ 30.5 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት፣ 30.8 ከደረሰ አልቋል።

ለልጁም ንገሪው፣ ፔዳል እየመታ እንጂ ቆሞ ማርሽ አይቀይር። ተሸወድሽ ወይ ላልሽው፣ በሻጩ ብዙም አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነኝ። የልጄ ሳይክል መያዣ ላስቲክ ቀልጦ እጁ ላይ ይጣበቃል፣ ማርሹንም ሲቀይር ይንሸራተትበታል። ዘይት ብቀባውስ?

መልስ፦ ዘይትማ ይብስበታል። ላስቲኩ ነው በፀሐይ የተበላሸው፣ ማርሹ ምንም አልሆነም። ቁስል በሚጠረግበት አልኮል ጨርቅ አርሰህ ተጣባቂው እስኪለቅ ፈትገው፣ ሳይክሉንም ጥላ ውስጥ አቁመው። ላስቲኩ ከውስጡ ፕላስቲክ ለብቻው እየዞረ ከሆነ ግን ማጽዳት አያድነውም፣ መቀየሪያውን ለውጠው።