የወይን ዘር እንክብል የግፊት መድኃኒትን ይተካል?

ጥያቄ፦ እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ጎረቤታችን «የወይን ዘር እንክብል ይበቃሻል» ስላሏት የታዘዘላትን ለማቆም አስባለች። ምን ትመክሩናላችሁ?
አንባቢያችሁ፣ ከጅማ ሂርማታ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እናትዎ መድኃኒታቸውን ከቶ እንዳያቋርጡ አጥብቀን እናሳስባለን። የወይን ዘር ሲታኘክ አፍን የሚያኮማትረው ታኒን የተባለው የዕፅዋት ንጥረ ነገር ከምራቅ ፕሮቲኖች ጋር ስለሚጣበቅ ነው፤ የዚሁ ወገን የሆኑትና ካቴኪንና ኤፒካቴኪን ከተባሉ ትናንሽ ንጥረ ነገሮች ሰንሰለት የተሠሩት ፕሮአንቶሲያኒዲኖች፣ በቤተ ሙከራ ሲፈተኑ ሕዋሳትን የሚጎዱ ፍሪ ራዲካሎችን ያከሽፋሉ፤ የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋንም ሥሩን የሚያላላውን ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲያመነጭ ያግዛሉ። ሆኖም በቤተ ሙከራ የታየ ሁሉ በሰው ገላ አይደገምም፤ ረጃጅሞቹ ሰንሰለቶች ወደ ደም እምብዛም ሳይገቡ ትልቁ አንጀት ደርሰው በባክቴሪያዎች ይፈራርሳሉ። በሰዎች ላይ የተደረጉት ጥናቶች በአንድነት ሲመዘኑም የግፊቱ ቅናሽ መጠነኛ ነው፣ ውጤቱም ከጥናት ጥናት ይለያያል።

ይበልጥ የሚያሳስበን ግን እናትዎ ዋርፋሪንን የመሰለ የደም መርጋት መከላከያ የሚወስዱ እንደሆነ ነው፤ እንክብሉ የመድማት አደጋን ሊጨምር ይችላልና። ታኒን ከጤፍና ከጥራጥሬ የምናገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይጠቀምበት ስለሚያደርግም፣ ደም ማነስ ያለበት ሰው ከምግብ ጋር ባይወስደው ይመረጣል። እንክብሉን ከነማሸጊያው ይዘው መድኃኒቱን ያዘዘላቸውን ሐኪም ያማክሩ።