ካርታው አረንጓዴ ነው፤ ደኑስ? ስለ ካፋ የቀረቡ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው የካፋን ደን ካርታዎች የሚመለከቱ በመሆናቸው በአንድነት አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ በሳተላይት ካርታ የቀበሌያችን ደን ከአሥር ዓመት በፊት እንደነበረው አረንጓዴ ነው፤ ሽማግሌዎቻችን ግን «ደኑ እያለቀ ነው» ይላሉ። ማንን እንመን?

መልስ፦ ሁለቱንም። ሳተላይቱ የሚያየው የዛፎቹን አናት ነው፤ ብዙዎቹ ካርታዎች የሚሠሩበት፣ ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች የሚያነሱት ምስል ደግሞ እያንዳንዱ ነጥቡ 30 ሜትር በ30 ሜትር መሬት ስለሚሸፍን፣ ዋንዛው፣ ቢርቢራውና ሳሳው ጥላቸውን እስከጣሉ ድረስ ከሥር የሚሆነውን አይነግራችሁም። የቡና ደን ዕጣ የሚወሰነው ግን እዚያው ከሥር ነው። ገበሬው ለለቀማ እንዲመቸው ሥር ሥሩን ሲመነጥር፣ ጉልበት ያልደረሰው የዛፍ ቡቃያ ከአረሙ ጋር አብሮ ይታጨዳል፤ ይህ ለዓመታት ከቀጠለ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ አይኖረውም፣ ካርታውም ጉዳቱን የሚያሳየው ያኔ፣ ከረፈደ በኋላ ነው። ስለዚህ ካርታውን አሳትማችሁ ወደ ደኑ ግቡ፤ በተመረጡ ቦታዎች 20 ሜትር በ20 ሜትር በገመድ ከልላችሁ፣ ጣት የሚያህሉትን፣ ክንድ የሚያህሉትንና ትልልቆቹን ለይታችሁ ቁጠሩ። ጣት የሚያህለው ከታጣ ሽማግሌዎቹ እውነታቸውን ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ካርታዎች ለአንድ ወረዳ የተለያየ የደን ስፋት ይሰጣሉ። አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም፤ «ደን» የሚሉት ነገር ሊለያይ ይችላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የያዘችው የደን ትርጓሜ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የአክሊል ሽፋን (የዛፎቹ አናት የሚሸፍነው የመሬት ድርሻ) ይጠይቃል፤ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ግን ቁመቱን 5 ሜትር፣ ሽፋኑን ከ10 በመቶ በላይ ያደርገዋል። እኔ በበኩሌ ትርጓሜው ያልተጻፈበትን ካርታ ለክርክር አላቀርብም።

ጥያቄ፦ በካርታው ላይ ዛፍ መጥፋቱን የሚያመለክተው ቀይ ነጥብ ሁሉ የደን ጭፍጨፋ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ ባሕር ዛፍ ለገበያ ሲቆረጥም ቀይ ሆኖ ይታያል።

ጥያቄ፦ የቡና ማሳችንን በስልክ የሚመዘግቡት ለምንድን ነው?

መልስ፦ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ፣ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ስለሚከለክል ነው። እስከ 4 ሄክታር ለሆነ ማሳ ቦታውን የሚያሳይ አንድ የካርታ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ ለሚበልጥ ወሰኑ ዙሪያውን ይለካል። መዝጋቢው ደጃፋችሁ ላይ ቆሞ ነጥቡን እንዳይወስድ ማሳው መሐል ድረስ ይዛችሁት ግቡ።